ማረሚያ ቤት ያለበት ወረዳ የሕዝብ ቁጥሩን እንዴት ይመርምር?

በጠያቂ ቀን ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመ ሰው፣ ምሳ ዕቃ በፌስታል ቋጥረው ከታክሲ የሚወርዱ እናቶችን ያያል። ብዙዎቹ የሚመጡት ከሌላ ሰፈር፣ አንዳንዶቹም ከክፍለ ሀገር ነው። እስረኛው የሚያድረው አቃቂ ቃሊቲ ቢሆንም ቤቱና ልጆቹ ያሉት እነዚያ እናቶች በተነሡበት ቦታ ነው። ታዲያ በቆጠራ ጊዜ የየትኛው ቦታ ሰው ተብሎ ይመዝገብ?

ጥያቄው የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 መሠረት ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም የምርጫ ክልሎችን የሚወስነው በቆጠራው ውጤትና ምርጫ ቦርድ በሚያቀርብለት ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ቀጣዩ ሳይደርስ መሰናዳት ይበጃል።

ማረሚያ ቤት ባለበት ወረዳ የምትኖሩ ከሆነ፣ በመጀመሪያ ከወረዳው ጠቅላላውን የሕዝብ ድምር ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። በመደበኛ ቤተሰብ የተቆጠረውን ሰው፣ በማረሚያ ቤት፣ በካምፕና በተማሪዎች ማደሪያ ከተቆጠረው ለይቶ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ጠይቁ። ወረዳው የለኝም ካለ ጥያቄውን ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በጽሑፍ አቅርቡ።

ቀጥሎ ከእስረኞቹ ውጭ ያለውን ሕዝብ ለተወካዮቹ ቁጥር አካፍሉ። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 30,000 ሰው ያላቸው ሁለት አካባቢዎች እኩል አንዳንድ ተወካይ ቢኖራቸውና በአንዱ 6,000ው እስረኞች ቢሆኑ፣ በዚያ የሚኖረው ሕዝብ 24,000 ነው፤ የ4 ሰው ድምፅ በሌላኛው የ5 ሰው ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ማረሚያ ቤት ጎረቤታችን ስለሆነ ብቻ እንዲህ ያለ ብልጫ ማግኘታችን፣ የሚጠቅመን ቢሆንም እንኳ፣ ተገቢ አይመስለኝም።

የምርጫ ክልሉ ሲሰፋ ልዩነቱ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ዋናው ጉዳት የሚታየው በትንንሽ ምክር ቤቶች ነው። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ በአናሞሳ ከተማ፣ ከ1,400 ያህል ተቆጣሪዎች 1,300 ገደማው ድምፅ የማይሰጡ እስረኞች በነበሩበት አንድ የምርጫ ቀጣና፣ አንድ ሰው በ2 ድምፅ የከተማ ምክር ቤት አባል ሆኗል። ሜሪላንድና ኒው ዮርክ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሕግ፣ ለምርጫ ክልል አከፋፈል ሲባል እስረኛው በቀድሞ አድራሻው እንዲቆጠር አድርገዋል።

ይህን መንገድ የምትደግፉ ከሆነ፣ በማመልከቻችሁ ላይ አንድ ነገር እንዳትዘነጉ፦ የማረሚያ ቤቱ መዝገብ የታሳሪውን መኖሪያ እስከ ወረዳና ቀበሌ ድረስ ይያዝ። «አዲስ አበባ» ብቻ ተብሎ የተጻፈን ሰው፣ ሽሮ ሜዳ ይሁን ሳሪስ ለይቶ የሚመልሰው የለም።