ኮብራ ለማሠራት ላሰባችሁ፦ ተረቡን ስሙ፣ መኪናውን ግን ራሳችሁ እዩ

ኮብራ የምትባለዋን የስፖርት መኪና ልታሠሩ ነው ከተባለ በቃ፣ ሽማግሌ እንደሚልክ ቤተሰብ ሁሉም የኮብራ ባለቤት የራሱን ሠሪ ሊያጋባችሁ ይነሳል። አሜሪካዊው የእሽቅድምድም ነጂና መኪና ሠሪ ካሮል ሼልቢ እ.ኤ.አ. በ1962 «ኤሲ» የተባለውን የእንግሊዝ ድርጅት መኪና ወስዶ የፎርድ ቪ8 ሞተር የከተተባት የመጀመሪያዋ ኮብራ፣ በ2016 ጨረታ ላይ በ13.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። እንግዲህ ለኛ የቀረልን ቅጂው ነው፤ ጠቡም እዚያ ላይ ነው።

እኔ የፋክተሪ ፋይቭ ወገን ነኝ፣ አልደብቅም። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ያለው ይህ ድርጅት ሻንሲውንና ገላውን በሳጥን ይልክላችኋል፤ ቀሪው የእናንተ ጉልበት ነው። ሱፐርፎርማንስ የተባለው ሌላ ሠሪ ደንበኞች ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሞተርና ካምቢዮ ብቻ የቀረው መኪና ይረከባሉ። «ቼክ ፈርመህ ሠራሃት» ስንላቸው «ያንተዋ መቼ ነው ከጋራዥ የምትወጣው?» ይሉናል። የዩታ ግዛቱ ከርክሃም የሚሠራት ባለ አሉሚኒየም ገላ ኮብራ ያላቸው ደግሞ፣ የኛ ገላ ፋይበር ስለሆነ ሁለታችንንም «ፕላስቲክ» ይሉናል። ከነሱ አንዱ ሊያሳፍረን ማግኔት ይዞ መጣና የሱም ላይ አልያዘለትም። አሉሚኒየም መሆኑን ረስቶት!

ተረቡን ስቃችሁ እለፉት። ማታ ብሎን ማሰር የሚያዝናናችሁ ከሆነ ሳጥኑን እዘዙ፤ መንዳት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ያለቀውን ግዙ።

ከዚያ ሠሪው ለትርኢት ያቆማትን አዲሷን ትታችሁ፣ ዓመታት የተነዳች አሮጌ ሥራውን ፈልጉ። አዲስ አበባ ላሜራ ቤት ውስጥ ስላደግኩ ይህን ቸል አልልም። ጠዋት ወይም ማታ፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ፣ ከኋላ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ በሉና ፓራፋንጎውን በአግድም ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበት ነጸብራቅ ከተሞገደ ፋይበሩ በደንብ ሳይደርቅ ተቀብቷል፣ ወይም ስቱኮ በዝቶበታል። በሩን ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ክፍተቱ ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ከሆነ ባለቤቱን «ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ስለ መኪናው የሚወራጨው ሁሉ ያን ጊዜ ዝም ይላል።

ሳትቀመጡባት ቀብድ አትክፈሉ። የኮብራ እግር ማስገቢያ ጠባብ ነው፤ ፔዳሎቹም ወደ ግራ ይጠጋሉ። ልትነዱበት ባሰባችሁት ጫማ ሂዱ። ፍሬን ስትረግጡ የነዳጁንም ከነካችሁ፣ ፔዳሉን ማስጠጋት ወይም ማራቅ ይቻል እንደሆን ሠሪውን ጠይቁ። ረጅም ሰው ከሆናችሁ ጉልበታችሁ መሪውን እንዳይነካም እዩ።

የሊብሬው ደንብ አሜሪካ ውስጥ እንደየግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ፣ እንዲህ ያሉ መኪኖች በሚመስሉት የድሮ መኪና ዘመን የጭስ ደንብ እንዲመዘገቡ የምትፈቅደው በዓመት ለ500 ብቻ ነው። ሠሪው የሚሰጣችሁን የመነሻ ሰነድ ናሙና ይዛችሁ መዝጋቢው ቢሮ ቀድማችሁ ጠይቁ። ክፍያውን በሥራው ደረጃ ከፋፍሉት፤ በየደረጃው ፎቶ እንዲላክላችሁም በውሉ አስገቡ።

በመጨረሻም ስለ ማርሚታው ጠይቁ። ከበሩ ሥር በጎን በኩል ስለሚያልፍ፣ ቁምጣ ለብሶ የሚወርድን ሰው ባቱን ይጠብሰዋል፤ እኛ «ኮብራዋ ነደፈችው» እንላለን። የሙቀት መከላከያ ልታስገጥሙ ትችላላችሁ። ከሦስቱም ወገን ተረብ ያስከትላል፤ እኔ ግን አስገጥሜያለሁ።