በሙቀት ወራት መኖ የሚተዉና እድገታቸው የሚቆም ጥንቸሎች፦ ምልክት፣ መንስኤና መፍትሄ

ጡት ከጣሉ ጥቂት ሳምንታት የሆናቸው ጥንቸሎች መኖአቸውን ሳይጨርሱ ያድራሉ፤ ክብደታቸው ባለበት ይቆማል፤ በጠጣቸውም ከወትሮው ያነሰና የደረቀ ይሆናል። ተቅማጥም ሆነ እከክ አይታይባቸውም። በጅማና በዙሪያዋ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት አርቢዎች አብዝተው የሚያማክሩኝ ስለዚህ ችግር ሲሆን፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል አስቀድመው የሚጠረጥሩት መኖውን ነው። በፉርሽካው ላይ በቆሎ ይጨምራሉ፣ የኑግ ፋጉሎውን ያበዛሉ፣ ቫይታሚን ይገዛሉ፤ ጥንቸሎቹ ግን አሁንም አይበሉም።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ውኃው ላይ ነው። ጥንቸል በላብ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በጆሮዎቹና በትንፋሹ ነው። መኖው በሆዱ ውስጥ ሲፈጭ ደግሞ ተጨማሪ ሙቀት ስለሚፈጠር፣ አየሩ ከ25 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ እንስሳው ራሱን ለመከላከል የሚበላውን ይቀንሳል፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ቅነሳው በግልጽ ይታያል፤ 35 ሲደርስ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ይህን ያህል አትሞቅም የሚል አርቢ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቴርሞሜትሩ መሰቀል ያለበት ጥንቸሉ በሚተኛበት ቦታ፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ነው። ጥንቸል ከሚበላው ደረቅ መኖ ክብደት ቢያንስ እጥፍ የሚሆን ውኃ ይፈልጋል፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ከዚያም በላይ፤ ውኃውን ሲያጣ መኖውንም ይተዋል።

በጅሬን አቅጣጫ ባለ አንድ ግቢ ውኃው ሞልቶ ነበር፣ አርቢውም «ውኃ አላጡም» ብሎ አጥብቆ ተከራከረኝ። ጀሪካን ተቆርጦ የተሠራው ገንዳ ከምዕራቡ የቆርቆሮ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ተቀምጧል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጣቴን ስነክረው ውኃው ለብ ከማለት አልፎ ሞቋል፣ የገንዳው ውስጠኛ ጎንም በአረንጓዴ ልጋግ ተሸፍኗል። ገንዳውን አጥበን ወደ ጥላው ጥግ ስናዞረውና ቀዝቃዛ ውኃ ስንሞላው፣ ጥንቸሎቹ እየተጋፉ ጠጥተው በዚያው ምሽት መኖአቸውን ጨረሱ። ኮቺ አካባቢ ባገኘሁት ሌላ ቤት ደግሞ ጥፋቱ በርካሽ የተገዛው የጡት ዓይነት ማጠጫ ነበር። ጠርሙሱ ሙሉ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም፤ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ግን ዝጋ ስለተጣበቀች ጥንቸሎቹ ደረቅ ብረት ሲልሱ ይውሉ ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ ማምጣትም መሸጥም በእንስሳ ሕይወት መቀለድ ነው። የግድ የምትጠቀሙበት ከሆነ በየማለዳው እያንዳንዱን ጫፍ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ውኃ መውረዱን አረጋግጡ፤ የጠርሙሱን መሙላት ብቻ አይታችሁ አትለፉ።

ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ከባድና አፈ ሰፊ የሸክላ ሳህን ነው፤ በቀላሉ አይገለበጥም፣ ውኃውንም ቀዝቀዝ አድርጎ ያቆያል። ውኃውን ረፋድ 5 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቀይሩ፤ ሳህኑንም በየቀኑ እሹት። መኖውን ማለዳ በጊዜ ጥቂት፣ የሚበዛውን ደግሞ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ስጡ፤ ጥንቸል በተፈጥሮው የሚበላው በምሽትና በሌሊት ነውና። ቆርቆሮውን በሣር ክዳን ሸፍኑት፣ በምዕራብ በኩል ጥላ አውጡለት፣ በኬጁ ውስጥም ጥንቸሎቹ ተራርቀው እንዲተኙ ቁጥራቸውን ቀንሱ።

ውኃው ሳይፈተሽ መኖውን መቀየር ሁለተኛ በሽታ ይጠራል። ጡት የጣለ ጥንቸል አንጀት ድንገተኛ ለውጥንም ሆነ የበቆሎ ብዛትን አይችልም፤ ሆዱ ይነፋል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ቀጥሎ ውኃማ ተቅማጥ ይመጣል። ይህ ሲታይ ጥራጥሬውንና ፉርሽካውን አቁማችሁ ንጹሕ ድርቆሽና ውኃ ብቻ ስጡት። አዲስ መኖ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይገባል። ጤዛ ወይም ዝናብ ያለበትን ሣር በጥላ ሥር አሳስታችሁ ዘርጉትና እስኪጠወልግ ጠብቁ፤ ከተከመረ ግን ውስጡ ይግላል፣ ያንን አትስጡ። በውኃ የታሸ ፉርሽካ በሙቀት ቶሎ ስለሚኮመጥጥ የተረፈው በዚያው ሰዓት ይነሳ። የሻገተ በቆሎ ለማንም ጥንቸል አይሰጥም፣ ታጥቦም ቢሆን።

ተቅማጡ በክረምት ከመጣና ወለሉ እርጥብ ከሆነ ኮክሲዲያን (አንጀትን የሚያጠቃ ጥገኛ ተሕዋስ) ጠርጥሩ፤ በጠጡን ለምርመራ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱ፣ ወለሉንም በጠጥ በሚያሳልፍ ቀርከሃ ሥሩ። ቤት ውስጥ ያለ አሞክሳሲሊን ወይም አምፒሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ በአፍ አትስጡ፤ የጥንቸልን የአንጀት ተሕዋስያን አዛብቶ እንስሳውን ሊገድል ይችላል። ይህን የምጽፈው ለሰው የተገዛ ካፕሱል ተከፍቶ በውኃ ውስጥ ሲበጠበጥ ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ፣ አፍንጫው የረጠበና ተዘርግቶ የተኛ ጥንቸል ሙቀት መቶታል፦ ወዲያው ወደ ጥላ አውጡት፣ ጆሮዎቹን በቀዝቃዛ ውኃ አርጥቡ፤ በረዶ ውኃ ውስጥ ግን አትንከሩት።

ያለ ሌላ ምልክት ድንገት የሚሞት ካለ ግቢው ውስጥ አቮካዶ መኖሩን ተመልከቱ። በጅማ ግቢዎች ዛፉ የተለመደ ስለሆነ ልጆች ቅጠሉን እየቀነጠሱ ይሰጧቸዋል፤ ቅጠሉ ለጥንቸል መርዝ ነው። በምትኩ የስኳር ድንች ቅጠል ይስጧቸው።