የሕፃኑ ገንፎ ማንኪያው ላይ ይቁም
ለአራስ የሚገነፋው ገንፎ ማንኪያ ያቆማል፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ግን እዚህ ቡሬ ብዙዎቻችን የምንሰጠው በጡጦ የሚወርድ ቀጭን አጥሚት ነው። እኔም የመጀመሪያ ልጄን እንዲሁ ነው ያሳደግኩት። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ በውሃ ከሞላች ለምግብ ቦታ አይተርፋትም።

መለኪያው ቀላል ነው። ገንፎውን በማንኪያ ዝቃችሁ ዘንበል አድርጉት፤ እንደ ውሃ ከወረደ ቀጥኗል፣ ረጋ ብሎ ከቆየ ልክ ነው። ከእሳት ሳይወርድ አንድ እንቁላል መትታችሁ ጨምሩና በደንብ እስኪበስል አማስሉት። (ለገበያ ከሚጠራቀመው እንቁላል አንዱ ቢጎድል ቤት አይፈርስም!) የበሰለ አቮካዶም በሹካ ደቆ ሲቀርብ ይወዱታል። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ጀምራችሁ ጨምሩ። ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

ማር ግን ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ፣ የጎጃም ነጭ ማር ቢሆንም። ትልቅ ሰው የማይጎዳ፣ በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

ነፍሰ ጡር ያላችሁ ደግሞ፣ የአይረን (የብረት ማዕድን) ክኒኑን በቡና ወይም በሻይ አታስውጧት፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ቡናው ከመፈላቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብላ በውሃ ትዋጠው።