ያረጀ ክሮኖግራፍ ሲያምፅ

የድሮ ክሮኖግራፍ፣ ማለትም እንደ ሩጫ ሰዓት የሚነሳና የሚቆም ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት፣ የሚሰበስብ ሰው ሁለት ራስ ምታት አለበት። አንዱ ብልሽቱ ነው፣ ሌላው ጠጋኙ። ዋጋ የሚያሳጣው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ምሳሌ የማደርገው ኦሜጋ ስፒድማስተርን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ገበያ የወጣውን፣ በ1969 ጨረቃ የደረሰውን። በእጅ የሚሞሉት የዚያ ዘመን ክሮኖግራፎች ግን ጠባያቸው ይቀራረባል።

ረጅሙ የሴኮንድ ቆጣሪ ዜሮ ላይ አይቆምም

አሥር ጊዜ ያህል እያስነሳችሁ መልሱት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ 2 ሴኮንድ ላይ፣ ከቆመ ሲገጠም ተዛንፏል። ቦታ ከቀያየረ ምናልባት ላልቷል። የታችኛውን ቁልፍ በተጫናችሁ ቁጥር ውስጥ ያለች ትንሽ መዶሻ የልብ ቅርጽ ያላትን ብረት ትመታለች፤ ቆጣሪውም በአንዴ ይወረወራል። ስልሳ ዓመት ሲወረወር የኖረ ነገር ቢላላ አይገርምም።

መፍትሄው ነቅሎ፣ አጥብቆ፣ ያንኑ መልሶ መትከል ነው። በአዲስ መቀየር አይደለም! የኔን የሰጠሁት ባለሙያ "አዲስ አደረግኩልህ" ብሎ ጫፉ ነጭ የሆነ ቆጣሪ ተክሎ ጠበቀኝ። ፊቱ ላይ ያሉት ምልክቶች የሻይ ቀለም ይዘዋል፣ ቆጣሪው ወተት መስሏል። "አሮጌውስ?" ስለው በአገጩ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ጠቆመኝ። ተንበርክኬ ከጥጥና ከሞቱ ባትሪዎች መሃል ለቀምኩት። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስሰጥ ደረሰኙ ላይ አጽፋለሁ፦ ፖሊሽ አይደረግ፣ ቀለም አይነካ፣ የወጣ ዕቃ ሁሉ ይመለስልኝ።

ክሮኖግራፉ ሲነሳ ሰዓቱ ይቆማል

መጀመሪያ ጥግ ድረስ ሙሉት። የመቁጠሪያው ክፍል ሲሠራ ከሰዓቱ ጋር ጉልበት ይሻማል። ሞልታችሁትም ከቆመ ዘይቱ ደርቆ ይሆናል፤ ተፈትቶ ይታጠብ፣ ዘይት ይቀየርለት። ከሰርቪስ በኋላም ያው ከሆነ ጥርሶቹ ከልክ በላይ ተጠላልፈው ይሆናል። ማስተካከያ ብሎን ስላለው ዕቃ ሳይቀየር ይስተካከላል።

ቆጣሪው ሲነሳ ትንሽ ዘለል ቢል አትደንግጡ፤ ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ነው። መንገዱን ሙሉ ከተንቀጠቀጠ ግን የሚይዘው ስስ ሞላ ደክሟል።

ጨለማ ውስጥ አያበራም

ይሄ ብልሽት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሚያበራው ቀለም በአብዛኛው ጨረር ያለው ትሪቲየም ነበር፤ እሱ በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የሚያስጠረጥረውስ ሲያበራ ነው። የአልትራቫዮሌት ባትሪ አብሩበት። የድሮ ቀለም ባትሪው ሲጠፋ ቶሎ ይከስማል። ለደቂቃዎች ካበራ እንደገና ተቀብቷል።

ከዚያ ቀደም ያሉት ላይ ራዲየም አለ። ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አላለቀም፤ ግማሹ ለማለቅ 1600 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሰዓቱን ቤት ውስጥ ከፍታችሁ ቀለሙን እንዳትፍቁት።

መስታወቱ ተጫጭሯል

ፕላስቲክ ነው። በማለስለሻ ቅባትና በጥጥ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል።

እግሮቹ ድቡልቡል ሆነዋል

ፖሊሽ በዝቶበታል። ማሰሪያው የሚያያዝባቸውን አራት እግሮች በአጉሊ መነጽር እዩ፤ ጠርዛቸው ስል መሆን ነበረበት። የተፋቀ ብረት አይመለስም። ገና ካልገዛችሁት ዋጋ አስቀንሱ። ከገዛችሁት ደግሞ እንዳለ እሰሩት።