ሄሎን ከጓደኛ ጋር ስትጫወቱ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

እኔና አብሮ አደጌ አዳማ ውስጥ፣ በእናቱ ሳሎን፣ አንድ ቴሌቪዥን ለሁለት ከፍለን ሄሎ (Halo) የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ የመጀመሪያ ክፍል ሁለት ጊዜ ጨርሰናል። ከአሥሩ ምዕራፎች አንዱንም አልዘለልንም። አንዴ በመካከለኛው የክብደት ደረጃ፣ አንዴ ደግሞ ሌጀንደሪ በሚባለው እጅግ ከባዱ ደረጃ ተጫወትነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ከተባለው የጨዋታ ማሽን ጋር የወጣ ነው፤ ዛሬ ከሚጫወቱት ከብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጣል። ቢሆንም ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ አንድን ታሪክ ከዳር ለማድረስ ከዚህ የተሻለ የተኩስ ጨዋታ አላውቅም። መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ቆመናል። ግማሹ ችግር የመብራትና የዕቃ ነበር፤ ግማሹ ከራሳችን አጨዋወት የመጣ ነው። እንደ አመጣጣቸው አስቀምጣቸዋለሁ።

ችግር፦ የሁለት ሰው ምርጫው ጨርሶ አይታይም

ይህ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አይደለም፤ የያዛችሁት እትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለኮምፒውተር የወጣው ሄሎ ታሪኩን ለሁለት ሆኖ መጫወት አያስችልም። ማስተር ቺፍ ኮሌክሽን የተባለው የሄሎ ጨዋታዎች ስብስብ በኤክስቦክስ ዋን ላይ ስክሪኑን ለሁለት ይከፍላል፤ በኮምፒውተር ላይ ግን ሁለት ሰው የሚያገናኘው በኢንተርኔት ነው። ሄሎ 5 ስክሪን መክፈልን ከነአካቴው ትቶታል። ሄሎ ኢንፊኒትም ታሪኩን በአንድ ቴሌቪዥን ለሁለት አያጫውትም።

ስለዚህ አንድ ሳሎን ውስጥ ለመጫወት ካሰባችሁ ከሁለቱ አንዱን ፈልጉ፦ ለኤክስቦክስ 360 እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን የአሥረኛ ዓመት እትም፣ ወይም በኤክስቦክስ ዋን ላይ የሚጫነውን ስብስብ። ሁለተኛው ሰው በእንግዳ ስም ሳይሆን የራሱን መለያ ከፍቶ ይግባ። በእንግዳ ስም የገባ ሰው የደረሰበት ቦታ አይቀመጥለትም፤ ያን ሁሉ ምሽት አብሮ ደክሞ ምንም ሳይመዘገብለት መቅረቱ ያሳዝናል።

ችግር፦ ማሽኑ አይነሳም፣ ወይም በጨዋታ መሃል ይጠፋል

መጀመሪያ የኃይል ሳጥኑን ገልብጡና የተጻፈበትን አንብቡ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ኤክስቦክስ 360 ከሆነ ሳጥኑ ላይ ከ100 እስከ 127 ቮልት የሚል ታገኛላችሁ። የእኛ ሶኬት የሚሰጠው 220 ነው። የሶኬቱን ቅርጽ የሚያስተካክል መቀየሪያ ብቻ ሰክታችሁ ብታበሩት ሳጥኑን ታቃጥሉታላችሁ። የሚያስፈልገው 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። የትራንስፎርመሩ አቅምም ማሽኑ ከሚፈልገው መብለጥ አለበት። የመጀመሪያዎቹ 360ዎች የኃይል ሳጥን 203 ዋት ነው፤ ስለዚህ ባለ 100 ዋቱን ትንሽ ትራንስፎርመር ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ። በ300 ዋት ጀምሩ።

ማሽኑ ተነስቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ሙቀት ነው። በአሮጌው 360 ፊት ላይ በማብሪያው ዙሪያ ያሉትን መብራቶች ተመልከቱ። በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ ቀይ ከሆኑ ማሽኑ ሞቋል፤ አጥፍታችሁ እንዲቀዘቅዝ ተዉት። አራቱም ቀይ ከሆኑ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኘው ገመድ በደንብ አልገባም። ሦስት ቀይ ግን የውስጥ ብልሽት ስለሆነ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

አዳማ ላይ ሙቀቱን የሚያብሰው አቧራ ነው። በከተማው ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ላይ የነፋስ ማመንጫ የተተከለው ነፋሱ ስለማይታጣ ነው፤ ያው ነፋስ በበጋ ደቃቁን አፈር ይዞ በመስኮት ይገባል። እኛ ማሽኑን ከአንድ ዓመት በኋላ ስንፈታው ማራገቢያው ላይ የተጋገረው አቧራ እንደ ስስ ብርድ ልብስ በአንድ ላይ ተላጠ። በለስላሳ ብሩሽ ጠረግነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን በሙቀት አልጠፋም። ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም በጠባብ መደርደሪያ ውስጥ አታስቀምጡ። ዳንቴልም አታልብሱት፤ ለውበት ብላ የምታለብስ እናት ካለች በአክብሮት አስረዷት። የኃይል ሳጥኑም ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ባዶ ወለል ላይ ይሁን።

መብራት ከጠፋ ሶኬቱን ንቀሉና ተመልሶ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ሲመለስ ከፍና ዝቅ የሚለው ኃይል ከመጥፋቱ የበለጠ ይጎዳል። ስታብላይዘር ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ደግሞ በአንድ መቀመጫ የማትጨርሱትን ምዕራፍ አትጀምሩ።

ችግር፦ ጆይስቲኩ ይቋረጣል፣ ወይም ገጸ ባህሪው ሳይነካ ይሄዳል

የሚቋረጠው በባትሪ ድንጋይ ድክመት ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ አዲስና አሮጌ አትቀላቅሉ። የማን የማን እንደሆነ ካልለያችሁ መሃል ያለውን የብርሃን ቀለበት እዩ፦ የላይኛው ግራ ከበራ አንደኛው ተጫዋች ነው፣ የላይኛው ቀኝ ከበራ ሁለተኛው።

ሳይነካ የሚሄደው በአውራ ጣት የሚገፋው የጆይስቲኩ ዱላ ሥሩ ሲቆሽሽ ወይም ሲያልቅ ነው። ባትሪውን አውጡ፣ ከዱላው ሥር አንድ ሁለት ጠብታ ንጹህ አልኮል አፍሱ፣ ዱላውን ሠላሳ ጊዜ ያህል አሽከርክሩት፣ ለጥቂት ሰዓታት አድርቁት። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ግሊሰሪን ተጣብቆ ይቀርና ነገሩን ያብሰዋል። ካልተሻለው ዱላው አልቋል፤ ጥገና ቤት ያስቀይሩታል።

ችግር፦ የጥይት ቁጥሩና ራዳሩ ከስክሪኑ ውጭ ቀርተዋል

ቴሌቪዥኑ የምስሉን ጠርዝ እየቆረጠ ነው። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ የምስል ስፋት የሚለውን ከፍታችሁ ምስሉን ሳያጎላ እንዳለ የሚያሳየውን ምረጡ። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ራዳሩን ሳታዩ የምትጫወቱ ከሆነ ከኋላ የሚመጣውን ቀይ ነጥብ ሁሉ ትስቱታላችሁ።

ችግር፦ ሁለታችንም እየሞትን አንድ ቦታ ላይ ቀረን

ዋናው ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አንብቡ።

የጨዋታው ሕግ እንዲህ ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው በሕይወት ካለና ከውጊያው ከወጣ፣ የሞተው ከጎኑ ይነሳል። የተረፈው እየተዋጋ እስካለ ድረስ ግን የሞተው አይነሳም። ሁለቱም ከሞቱ ሁለቱም ወደ መጨረሻው የመመለሻ ነጥብ ይወረወራሉ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም ጓደኛው ሲወድቅ ደሙ ይፈላና ለመበቀል ወደፊት ይሮጣል። ያኔ ሁለቱም ያልቃሉ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ኮቬናንት በተባሉት ጠላቶች መርከብ ውስጥ ያለው ሰፊ አዳራሽ በሌጀንደሪ ደረጃ አንድ ሙሉ ምሽት ይዞን ነበር። በሮቹ ይከፈታሉ፣ ጠላት ይፈስሳል፣ አብሮ አደጌ ይወድቃል፣ እኔ ተከትየው እወድቃለሁ። መጨረሻ ላይ የእሱ ግማሽ ስክሪን እንደገና በድን ሆኖ፣ የእኔ ጋሻ ባዶ መሆኑን የሚያስታውቀው ድምፅ ሲጮህ፣ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ጉልበቴን ያዘኝና «ተው፣ አትተኩስ፣ ውጣ» አለኝ። ፊቴን አዙሬ ወደመጣንበት መተላለፊያ ሮጥኩና ጥግ ይዤ በርከክ አልኩ። ጋሻዬ መሙላት ጀመረ፤ ከጎኔም ብድግ አለ። ያን አዳራሽ በዚያው ሙከራ አለፍነው።

ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን። አንዱ ከወደቀ የቀረው ሥራው መትረፍ ብቻ ነው፤ መግደል የለበትም፣ መሣሪያ ማንሳት የለበትም። ወደ ክፍል ስትገቡም ሁለታችሁ በአንድ ላይ አትግቡ። አንዱ ይግባ፣ ሌላው በሩ ላይ ይቅር። እጁ የፈጠነው ይግባ፣ ልቡ የረጋው ይቅር፤ ማን ማን እንደሆነ ጓደኛሞች ስትሆኑ ታውቁታላችሁ።

ወደ ሄሎ 2 ከተሻገራችሁ ልብ በሉ፦ እዚያ በሌጀንደሪ ደረጃ አንዱ ሲሞት ሁለቱም ይመለሳሉ። ይህ ዘዴ አይሠራም።

ችግር፦ ኢሊቶቹ አይሞቱም፣ ጥይትም ያልቃል

ኢሊት የተባለው የኮቬናንት ተዋጊ የኃይል ጋሻ አለው። ጥይት ጋሻውን ቀስ ብሎ ነው የሚያነሳው፤ የጠላት መሣሪያ የሚተፋው ፕላዝማ ግን ቶሎ ያራግፈዋል። ጋሻ ከሌለው በኋላ ደግሞ የእኛው ሽጉጥ ግንባሩን አንዴ ቢመታው ይበቃል። ሁለት ሰው ሁለቱም ጠብመንጃ ይዞ ከተኮሰ ግን ጥይቱ ጋሻ ላይ ያልቃል።

ስለዚህ ተከፋፈሉ። አንዱ የፕላዝማ ሽጉጥ ይያዝ፣ ቃታውን ሳይለቅ አጠራቅሞ ይልቀቀው፤ ጋሻው ሲፈርስ «አሁን!» ይበል። ሌላው በመደበኛው ሽጉጥ ይጨርስ። አንድ ካርታ 12 ጥይት አለው፤ አነጣጥሮ ለሚተኩስ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ሰው ከሁለት መሣሪያ በላይ ስለማይዝ በሁለታችሁ መካከል አራት ዓይነት እንዲኖር አድርጉ።

ሃንተር የተባሉት ግዙፍ ጠላቶች ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት፤ ፊት ለፊት በብረት የተሸፈኑ ናቸው። አንዱ ከፊት ያባብላቸው፣ ሌላው ከኋላ ዞሮ የተገለጠውን ብርቱካንማ ሥጋ በሽጉጥ ይምታ። አንድ ጥይት ይበቃል። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ፈተና የሆነው ለሁለት ሰው የደቂቃ ሥራ ነው።

ችግር፦ እርስ በርስ እየተገዳደልን ተጣላን

የጓደኛ ጥይት ይገድላል፤ ቦምብማ ይብሳል። ከመወርወራችሁ በፊት «ቦምብ» በሉ። ከፊት የሚሄደው ደግሞ ሳይናገር ወደ ግራና ቀኝ አይቁረጥ።

ችግር፦ ላይብረሪ የተባለው ምዕራፍ አያልቅም

ሰባተኛው ምዕራፍ ነው፤ ብዙ ጥንድ እዚህ ላይ ይተዋል። አዳራሾቹ ይመሳሰላሉ፣ ፍለድ የተባሉት ፍጥረታትም ከየቀዳዳው ይጎርፋሉ። መንገድ ከጠፋባችሁ ወለሉን እዩ፤ የሚያበሩ ቀስቶች አሉ። ረጅም ርቀት የሚመታውን ጠብመንጃ ጣሉት፣ ፍለድን እምብዛም አይጎዳውም። በቅርብ የሚበትነውን ሾትገን ሁለታችሁም ያዙ። ጥይቱ አንድ በአንድ ስለሚገባ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይተኩስ፤ ሁለታችሁ በአንድ ጊዜ ባዶ አትሁኑ። እንደ ፊኛ ያበጡትን ከሩቅ ምቷቸው፤ አጠገባችሁ ከፈነዱ ከውስጣቸው የሚወጡት ትንንሾቹ ይወሯችኋል። ሮኬት የያዙም ስላሉ ተጠጋግታችሁ አትቁሙ።

ከመጀመራችሁ በፊት ብሉ፣ ቡናም ካለ ጠጡ። በድካምና በረሃብ የሚሸነፍ ምዕራፍ ነው።

ችግር፦ በመጨረሻው የመኪና ሩጫ ሰዓቱ ያልቅብናል

ሰዓት የሚበላው መገልበጥና መንገድ መሳት ነው። መንዳት የሚችለው ይንዳ፤ ሌላው መትረየሱ ላይ ይውጣ፣ ግን ሥራው ተኩስ ሳይሆን መንገድ ማሳየት ነው። ስክሪኑ በአግድም ስለተከፈለ ሾፌሩ ብዙ አያይም። መትረየሱ ላይ ያለው እይታውን እንደልቡ ስለሚያዞር «ግራ፣ ቀጥ፣ ዝላይ አለ» እያለ ይጥራ። ለጠላት አትቁሙ። መኪናው ከተገለበጠ ተጠግታችሁ ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙት፤ ይቃናል። አንዱ ወድቆ ከቀረ ሌላው መሪውን ይዞ ይቀጥል።

በሌጀንደሪ ደረጃ የጨረሳችሁ ከሆነ የመጨረሻውን ትዕይንት ቁልፍ ተጭናችሁ አትዝለሉት። በሌላ ደረጃ የማይታይ አጭር ጭማሪ አለው። እኛ በመጀመሪያው ዙር ስላላየነው፣ በሁለተኛው ሲመጣ ሁለታችንም ከሶፋው ተነስተን ቆመን ነው ያየነው።