ሊኑክስ ኮምፒውተራችሁ በወር ስንት ጊጋ እንደሚበላ እንዴት ትከታተላላችሁ?

ወርሃዊ ጥቅል ገዝታችሁ ገና በሁለተኛው ሳምንት «ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው» የሚል መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኦፕሬተሩ ነው። ቀጥሎ ሆትስፖት የተጋራው የቤት ሰው። ላፕቶፑን የሚጠረጥር የለም። ጥርጣሬውን የሚያጠራው ቁጥር ነው፤ ሊኑክስ ላይ ቁጥሩን ማግኘት ደግሞ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው።

ሊኑክስ በእያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ የገባውንና የወጣውን ባይት ራሱ ይቆጥራል። ችግሩ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ሲስተም ሞኒተር ላይ የምታዩት ድምርም ከመጨረሻው መነሳት ወዲህ ያለው ብቻ ነው። የወሩን ለማወቅ ያንን ቁጥር እየሰበሰበ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ለዚህ እኔ የምመክረው ቪኤንስታትን ነው። የጻፈው ቴሙ ቶይቮላ የሚባል ፊንላንዳዊ ነው፤ ነፃ ነው፣ በጣም ቀላል ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕ እንኳ አይከብደውም። የምትከፍቱትን ድረ ገጽ አያይም፣ አይመዘግብም። መጠኑን ብቻ ይቆጥራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ትዕዛዞቹን ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የምትጽፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ያስቀመጥኳቸው እንደሚነበቡ ነው። የፕሮግራሙ ስም ስድስት ትናንሽ ፊደላት ነው፦ ቪ፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኤ፣ ቲ። በመሃሉ ክፍት ቦታ የለውም።

መጫን

ተርሚናሉን ክፈቱ። የሊኑክሳችሁ ዓይነት ኡቡንቱ፣ ሚንት ወይም ዴቢያን ከሆነ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪኤንስታት

ፌዶራ ላይ «አፕት» የሚለውን በ«ዲኤንኤፍ» ተኩት። የይለፍ ቃል ሲጠይቅ ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ጨርሳችሁ ኢንተር በሉ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ቆጣሪው ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ፌዶራ ላይ ግን እናንተ አስነሱት፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል ሰረዝ ሰረዝ ናው ቪኤንስታት

ሁለቱ ሰረዞች ተያይዘው ይጻፋሉ፣ «ናው» ከነሱ ጋር ይጣበቃል። ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ቆጣሪው አብሮ ይነሳል። በየአምስት ደቂቃው ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ መብራት ድንገት ቢሄድ የምታጡት የጥቂት ደቂቃ መዝገብ ብቻ ነው።

ወዲያው «ቪኤንስታት» ብትሉት በቂ መረጃ ገና የለም ይላችኋል። ትክክል ነው። ከመጫኑ በፊት የነበረውን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከተቻለ አዲስ ጥቅል በምትገዙበት ቀን ጫኑት።

ወሩን ከጥቅላችሁ ጋር ማስማማት

ብዙ ሰው ፕሮግራሙን ይጭናል፣ ይህን ግን ይዘለዋል። ከዚያ ቁጥሩ ከጥቅሉ ጋር አልገጥም ይለዋል። ቪኤንስታት ወር የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1 እስከ ወሩ መጨረሻ ያለውን ነው። የእናንተ ጥቅል ግን የሚጀምረው በገዛችሁበት ቀን ነው።

የማስተካከያ ፋይሉን ክፈቱ፦

ሱዶ ናኖ ስላሽ ኢቲሲ ስላሽ ቪኤንስታት ነጥብ ኮንፍ

«ስላሽ ኢቲሲ» ብሎ ከሚጀምረው በኋላ ያለው ሁሉ ያለ ክፍት ቦታ ይያያዛል፤ «ኮንፍ» አራት ፊደል ነው፦ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤፍ። ፋይሉ ውስጥ «መንዝ ሮቴት» የሚል መስመር ፈልጉ፤ ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው ነው የተጻፉት፣ ከጎናቸው 1 ቁጥር አለ። መስመሩ ፊት ሴሚኮለን (;) ካለ አጥፉት። ከዚያ 1ን በጥቅላችሁ መነሻ ቀን ተኩት። ከ1 እስከ 28 ያለ ቁጥር ይቀበላል።

ቀኑ የፈረንጅ መሆኑን እንዳትረሱ። ጥቅሉን የገዛችሁት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሆነ፣ ያ ቀን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስለሆነ የምትጽፉት 14 ነው። ኮንትሮል እና ኦ ተጭናችሁ ኢንተር ስትሉ ይቀመጣል፤ በኮንትሮል እና ኤክስ ትወጣላችሁ። በመጨረሻም ቆጣሪውን እንደገና አስነሱት፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ቪኤንስታት

ጥቅላችሁ የ30 ቀን ከሆነ ግን አንድ ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ጥቅምት 4 የተገዛው ኅዳር 4 ያበቃል፤ ጳጉሜ ካልገባች በቀር ቀኑ አይዛነፍም። በፈረንጁ ግን ኦክቶበር 31 ቀን ስላለው ከ14 ወደ ኖቬምበር 13 ይመጣል። ጥቅሉን ስታድሱ ያንን ቁጥር አብራችሁ አስተካክሉ። ለውጡ ያለፈውን መዝገብ እንደገና አያሰላም፤ የሚሠራው ለሚመጣው ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

«ቪኤንስታት ሰረዝ ኤም» ስትሉ ወርሃዊው ሰንጠረዥ ይመጣል። ከግራ በኩል ወሩ፣ ቀጥሎ «አርኤክስ» የሚለው ያወረዳችሁት፣ «ቲኤክስ» የላካችሁት፣ «ቶታል» የሁለቱ ድምር ነው። ከጥቅላችሁ ጋር የምታነጻጽሩት ድምሩን ነው፤ የላካችሁትም ከጥቅሉ ይቆረጣልና። ከሁሉ በታች «ኢስቲሜትድ» የሚል መስመር አለ። እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። በአስር ቀን 6 ጊጋ ከተጠቀማችሁ፣ በዚሁ ከቀጠላችሁ ወሩ ሲያልቅ ወደ 18 ጊጋ ትደርሳላችሁ ይላል። ጥቅላችሁ 15 ከሆነ ገና በጊዜ ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ሰንጠረዡ ላይ ያለው ጊጋ በ1024 እየተባዛ የሚሰላው ነው። ኦፕሬተራችሁ በ1000 የሚያሰላ ከሆነ የእሱ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ማንም አልዘረፋችሁም፣ የመለኪያ ልዩነት ነው።

ወርሃዊው ስንት እንደሄደ ይነግራችኋል፣ መቼ እንደሄደ ግን አይነግርም። ለዚያ በ«ኤም» ፈንታ «ዲ» ስትጽፉ በየቀኑ፣ «ኤች» ስትጽፉ በየሰዓቱ ታያላችሁ። በሰዓት የሚመጣው በጣም ይጠቅማል። ሰዓቱ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 20 የሚለው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ 02 የሚለው ደግሞ ከሌሊቱ 8። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 1 ጊጋ ሄዶ ከሆነ ፊልም እያያችሁ ነበር፣ እሺ። እናንተ ተኝታችሁ ከሌሊቱ 8 ላይ 900 ሜጋ ከሄደ ግን ኮምፒውተሩ ብቻውን አንድ ነገር አውርዷል።

ቁጥሩ የማይገጥምባቸው ምክንያቶች

ቪኤንስታት የሚቆጥረው የዚህን ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሆትስፖት ከሰጣችሁ ስልኩ ራሱ የተጠቀመውና ሌሎች የተጋሩት እዚህ አይታይም። በተቃራኒው፣ በቤት ዋይፋይ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ፋይል ስትገለብጡ ከጥቅሉ ምንም ሳይነካ እዚህ ይቆጠራል። ቪፒኤን የምትጠቀሙም ካላችሁ ያው ዳታ በዋይፋዩ ስምም በቪፒኤኑ ስምም ይታያል። ሁለቱን አትደምሩ፤ የዋይፋዩን ብቻ ያዙ። የዋይፋዩ ስም ብዙውን ጊዜ በደብልዩ እና ኤል ይጀምራል። ለይቶ ለማየት «ቪኤንስታት ሰረዝ አይ» ብላችሁ ስሙን አስከትሉ።

ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ አዲስ የመጣውን መስመር ራሱ እንዲመዘግብ እዚያው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ኦልዌይስ አድ ኒው ኢንተርፌስስ» የሚለውን ወደ 1 ለውጡት። የስልኩ መስመር ስም በተሰካ ቁጥር ሊለዋወጥ ስለሚችል ግን መዝገቡ ይበታተናል። እኔ ብሆን በዋይፋይ ሆትስፖት እጠቀማለሁ።

የሚበላውን ማግኘትና ማቆም

የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ቪኤንስታት አያውቅም። ለዚያ «ኔትሆግስ» የሚባለውን በተመሳሳይ መንገድ ጫኑና «ሱዶ ኔትሆግስ» በሉ። በዚያች ቅጽበት ኔት የሚስበው ፕሮግራም ከላይ ይወጣል። ለመውጣት ኪው ተጫኑ።

ኡቡንቱ ላይ ሳይታሰብ ዳታ ከሚወስዱት አንዱ ራሱን የሚያድስ ሶፍትዌር ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ዋይፋይ ገብታችሁ ከሆትስፖታችሁ ስም አጠገብ ያለውን የማርሽ ምልክት ተጫኑ፤ ዳታው ገደብ እንዳለው የሚገልጽ ምርጫ አለ፣ አብሩት። ለዚያ ሆትስፖት ብቻ ስለሚሠራ ቢሮ ስትሄዱ ማጥፋት አይጠበቅባችሁም። ኡቡንቱ አንዳንድ ፕሮግራሞችን ለሚጭንበትና ለሚያድስበት ስናፕ ለሚባለው ደግሞ ይህን ጨምሩ፦

ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ ሰረዝ ሰረዝ ሆልድ

አሁን ስናፕ በራሱ ጊዜ ማውረድ ያቆማል። ኡቡንቱ ላይ ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ ስለሆነ ለወራት ሳይታደስ እንዲቀር አልመክርም፤ የደህንነት ማስተካከያዎቹ ያመልጧችኋል። ገደብ የሌለው ዋይፋይ ባገኛችሁ ቁጥር «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ» ብቻ ብላችሁ እዚያው አውርዱት።