የመኪና ውስጥ ስክሪን ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ለልጆቻቸው መኪና ውስጥ ራሳቸው ስክሪን ገጥመው መንገድ ላይ ለተቸገሩ ነው። የማወራው ስለተለመደው አገጣጠም ነው። ከወንበሮች ጀርባ ሦስት ባለ 10 ኢንች ስክሪን፣ አንድ ማጫወቻ (አንድሮይድ ቦክስ ወይም ራስበሪ ፓይ)፣ ምስሉን ለሦስቱ የሚያከፋፍል የኤችዲኤምአይ ስፕሊተር፣ እና 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር። ፊውዝ ማየት፣ ኬብል ነቅሎ መሰካት፣ አጥፍቶ ማብራት የታወቀ ስለሆነ አልመለስበትም። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ግን የግድ ያስፈልጋችኋል። ቴስተር ሳይዙ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ስክሪኑ በየመሃሉ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ወይም ይደበዝዛል

ወደ እኔ ከሚመጡት መኪኖች አብዛኞቹ ይህን ይዘው ነው የሚመጡት። ባለቤቱ "ስክሪኑ ተበላሽቷል" ይላል። ስክሪኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የሚያስቸግረው ሽቦውና ማሳው፣ ማለትም ኔጋቲቩ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ሽቦው። ሦስት ስክሪንና አንድ ማጫወቻ አንድ ላይ ሲሠሩ ወደ 4 አምፔር ይስባሉ። ዶልፊን ውስጥ ከፊት እስከ ኋላ ወንበር ሽቦው 5 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ መመለሻው ሲጨመር 10 ሜትር። ብዙ ሰው የሚዘረጋው 0.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነውን ቀጭን የስፒከር ሽቦ ነው። በዚህ ርቀት እሱ ብቻውን 1.4 ቮልት ገደማ ይበላል። በ2.5 ካሬ ሽቦ ከሆነ የሚጠፋው 0.3 ቮልት እንኳን አይሞላም። ለዋጋው ልዩነት አትሳሱ።

ይባስ ብሎ ገበያው መዳብ በተቀባ አሉሚኒየም ተሞልቷል። ከላይ ቀይ ነው፣ ውስጡ ነጭ። ስትገዙ አንዷን ክር አውጡና በምላጭ ፋቋት። ነጭ ከወጣ መልሱት። ይህ ሽቦ በተመሳሳይ ውፍረት ከንጹህ መዳብ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይበላል፤ መታጠፊያው ላይም ቶሎ ይሰበራል። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ቢላችሁ ምላጩን አትተዉ።

ቀጥሎ ማሳው። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚቸኩለው። ያገኘውን ብሎን ፈቶ፣ ሽቦውን ጠምጥሞ፣ መልሶ ያጠብቃል። ብሎኑ ቀለም የተቀባ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሚያሳልፈው የብሎኑ ጥርስ ብቻ ነው፤ እሱም ዝገት ይዞታል።

አንድ ጋሼ ዶልፊናቸውን ይዘው መጡ። ቤተሰቡ ባሕር ዳር ሊሄድ ነው። "ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር የልጆቹ ፊልም ይጠፋል" አሉኝ። የገጠመላቸው ሰው ሁለት ስክሪን ቀይሮላቸዋል። ስፕሊተርም አዲስ ሸጦላቸዋል። ችግሩ ግን እንዳለ ነው። ስክሪኖቹን አብርቼ የቴስተሩን አንድ እግር ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ስክሪኑ ኔጋቲቭ ላይ አደረግኩ። 1.2 ቮልት። ዜሮ አጠገብ መሆን ነበረበት። "ጋሼ፣ እስቲ ፍሬን ይርገጡልኝ" አልኳቸው። 2.2 ሆነ፣ ስክሪኖቹም ጠፉ። ማሳው የታሰረው የኋላ መብራቱ ማሳ ላይ ነበር፣ ከነቀለሙ፣ ከነዝገቱ። ሁለቱ የፍሬን አምፖሎች 21 ዋት፣ 21 ዋት ናቸው። ሲበሩ 3.5 አምፔር በዚያው በታነቀ ብሎን ልመለስ ይላል። ቀጭኑ ሽቦ ከበላው ጋር ሲደመር ስክሪኑ ጋ የሚደርሰው ከ10 ቮልት በታች ነበር። ቀለሙን ፍቄ፣ ለስክሪኖቹ የራሳቸውን ማሳ ሠርቼ፣ ሽቦውን ቀየርኩ። ሁለቱ የተጣሉት ስክሪኖች ምንም አልነበራቸውም። እንዲህ ዓይነት ሥራ ያናድደኛል። ሰውየው የከፈሉት ለስንፍና ነው።

እንግዲህ አለካኩ እንዲህ ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ ሁሉንም ስክሪን አብሩ፣ ትልቁን መብራትና ንፋስ ማራገቢያውንም ጨምሩ። ከባትሪ ኔጋቲቭ እስከ ስክሪኑ ኔጋቲቭ ለኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ ማሳው ወይም የመመለሻው ሽቦ ነው። ከባትሪ ፖዘቲቭ እስከ ስክሪኑ ፖዘቲቭም ለኩ። ከግማሽ ቮልት ካለፈ ሽቦው ቀጥኗል ወይም አንድ ቦታ ላልቷል። ስክሪን ሳይበራ የተለካ ልክ ዋጋ የለውም፤ ምንም አምፔር በማይሄድበት ሽቦ ላይ ቮልት አይወርድም።

መፍትሄው። ፖዘቲቩን ከባትሪው በቀጥታ አውጡ። ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት 10 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። ፊውዙ ኋላ ወንበር ሥር ከተቀመጠ ከባትሪ እስከ እሱ ያለው ሽቦ ሁሉ ጠባቂ የለውም። ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ ሲያልፍ በጎማ ማለፊያ አሳልፉት፤ ባዶ ቆርቆሮ ላይ የሚፈተግ ሽቦ ይዋል ይደር እንጂ ይላጣል። ማሳ የምታስሩበትን ቦታ ቆርቆሮው እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። ቀለበት ያለው ተርሚናል በደንብ ጨምቃችሁ እሰሩ፣ ከላይ ቫዝሊን ቀቡት። የሁሉም ዕቃ ማሳ እዚያው አንድ ቦታ ይሁን።

ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል መገጣጠም አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ይይዝ ይሆናል። መተሐራና አዋሽ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ሙጫው ይቀልጥና ናስትሮው ተፈትቶ ይወርዳል።

ሁለተኛው ጣጣ ላይተሩ ነው። ከላይተር ሶኬት ላይ ባለ ሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ይሰኩና ሁሉንም እዚያ ላይ ይጭናሉ። ማከፋፈያው ላይ "10 አምፔር" ተጽፏል። ፈታችሁ ብታዩት የውስጡ ሽቦ ፀጉር ያህላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለችው ስፕሪንግ በኮረኮንች መንገድ ትላላለች። የላላ ነገር ይግላል። ወደ ሐዋሳ ሲሄዱ የፕላስቲክ ሽታ ሸቷቸው የቆሙ ቤተሰብ መኪና አይቻለሁ። ማከፋፈያው ከነሶኬቱ ተጣብቆ ነበር፣ ፊውዙ ግን አልተቃጠለም። ሊቃጠልም አይችልም። የላይተር ፊውዝ ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ነው፤ በዚያ ሶኬት ያለፈው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ፊውዝ ከልክ ያለፈ አምፔር ይቆርጣል እንጂ የላላ መያዣ ሙቀትን አያውቅም። ስለዚህ "ፊውዝ አለው" ብላችሁ አትተኙ። ላይተር ላይ አንድ ስልክ ቻርጅ አድርጉ፣ ከዚያ በላይ አትጫኑበት።

ፊውዝ ሲቃጠል ከፍ ያለ አታስገቡ። የሲጋራ ብር ወረቀት የጠቀለለ ሰው ደግሞ መኪናው ውስጥ ልጆቹ እንዳሉ ያስብ።

ስክሪኑ ይሠራል፣ ማጫወቻው ግን ራሱን ያጠፋል

ራስበሪ ፓይ ከሆነ ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ያሳያል። ከ4.63 ቮልት በታች ወርዷል ማለት ነው። ራስበሪ ፓይ 4 በ5 ቮልት 3 አምፔር ይፈልጋል። ርካሹ ኮንቨርተር ላይ 3 አምፔር ተጽፎ ሲጫን ግን አይችልም። 5 አምፔር የሚሰጥ ግዙ፤ ማጫወቻው አጠገብ አስቀምጡት፤ የዩኤስቢ ኬብሉን አሳጥሩ። 5 ቮልትን በረጅም ኬብል አትላኩ፤ 12 ቮልቱ ይጓዝ።

መኪናው ሲነሳ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ከቀናት በኋላ ማጫወቻው ጭራሽ እምቢ ይላል

ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር የባትሪው ቮልት ለአፍታ ወደ 10 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። ማጫወቻው ፋይል እየጻፈ ከሆነ የኤስዲ ካርዱ መረጃ ይበላሻል። መኪናው በቁልፍ ሲጠፋ ድንገት መቋረጡም ያው ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ብቻ የሚያገናኝ ባለሰዓት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አስገቡ። ራስበሪ ፓይ ላይ ካርዱ እንዳይጻፍበት የሚያደርገውን ቅንብር አብሩት። የካርዱን ቅጂ ደግሞ ቤት አስቀምጡ። ገበያው ላይ አስመሳይ ኤስዲ ካርድ አለ፤ 128 ጊጋ ተጽፎበት 8 ጊጋ የሚሆን አለ። ፊልሞቹን ከመጫናችሁ በፊት እስከ ጫፉ ሞልታችሁ ፈትሹት።

ነዳጅ ስትረግጡ ድምፁ ውስጥ ፉጨት አለ

ፉጨቱ ከሞተሩ ዙር ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ከዲናሞው ነው። ማጫወቻው ኋላ፣ ቴፑ ፊት ማሳ ሲያዙ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በድምፅ ኬብሉ ውስጥ ያልፋል። ሁሉንም አንድ ማሳ ላይ አምጡ። የድምፅ ኬብሉ በአንድ ጎን፣ የኃይል ሽቦው በሌላው ጎን ይሂድ። ይህ ካልበቃ በድምፅ ኬብሉ ላይ የሚገባ ማግለያ ትራንስፎርመር አለ፣ ዋጋው ቀላል ነው። ለልጆች ግን ከሁሉም የሚሻለው የጆሮ ማዳመጫ ነው። ሾፌሩም ያርፋል።

አንዱ ስክሪን ጥቁር ነው፣ ሌሎቹ ይሠራሉ

ሦስት ዓይነት ስክሪን አንድ ስፕሊተር ላይ ሰክታችኋል። ስፕሊተሩ ስለ ምስሉ መጠን የሚጠይቀው አንዱን ስክሪን ነው፤ ያ ስክሪን የተናገረውን ሌላው ላይችለው ይችላል። ማጫወቻውን 720ፒ በሚባለው የምስል መጠን ላይ ቆልፉት። አብዛኛው ስክሪን ይህን ይቀበላል። ሲቻል ሦስቱም አንድ ሞዴል ይሁኑ። መኪናው ሲነቀነቅ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ነው፤ ኬብሉን ከመሰኪያው አጠገብ ወንበሩ ላይ እሰሩት።

ድምፅ አለ፣ ምስል የለም፤ ወይም ፋይሉ አይታይም

ርካሽ ስክሪኖችና የቆዩ ቦክሶች ኤች.265 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት አያነቡም። ቤት ውስጥ ሃንድብሬክ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ኤች.264 ቀይሩት። ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ ብዙ ጊዜ ድምፁ ዲቲኤስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ኤኤሲ ወደሚባለው ቀይሩ። ፋት32 በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ 4 ጊጋ የሞላ ፋይል አይቀበልም። ይህን ሁሉ ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ሞክሩ። ጎሐ ጽዮን ላይ ቆሞ ፊልም መቀየር አይቻልም።

ታብሌቶቹ ዋይፋዩን ይለቃሉ፣ የሞባይል ካርድ ያልቃል

በስክሪን ፋንታ ታብሌት የሚጠቀሙ፣ ማጫወቻው በራሱ ዋይፋይ ፊልም እንዲያሰራጭ ያደርጋሉ። ጥሩ ዘዴ ነው። ታብሌቱ ግን ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ያይና ወደ ሞባይል ዳታ ይሸሻል። ልጁ የተጫነውን ፊልም ትቶ ኢንተርኔት ላይ ሌላ ሲያይ ይቆያል፣ ፓኬጁ ያልቃል። ዳታውን አጥፉት፣ "ኢንተርኔት ባይኖርም ተገናኝቶ ይቆይ" የሚለውን ምረጡ። ፊልሙ የሚቆራረጥ ከሆነ ማጫወቻው ፋይሉን እየቀየረ ነው የሚልከው፤ ታብሌቱ እንዳለ ሊያነበው በሚችለው ዓይነት አስቀድማችሁ አዘጋጁት።

ጠዋት መኪናው አልነሳ ይላል

ከባትሪ በቀጥታ አውጥታችሁ ሪሌይ አልጨመራችሁም። 4 አምፔር ለ8 ሰዓት 32 አምፔር ሰዓት ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ 45 አካባቢ ነው። ሪሌዩን ከቁልፉ ጋር በሚበራ ሽቦ አስነሱት።

አቀማመጥ

ይህ ብልሽት አይደለም፣ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በበሩ ምሰሶ ውስጥ ሽቦ ስታሳልፉ የመጋረጃ ኤርባጉን (በግጭት ጊዜ ከጎን የሚነፋውን) ፊት አትከልክሉ። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አትንኩት። ስክሪኑን በጎማና በገመድ አታንጠልጥሉ፤ በድንገተኛ ፍሬን ወደ ልጅ ፊት የሚወረወር ብረትና መስታወት ነው። የወንበሩን የራስ መደገፊያ ሁለት ዘንጎች በሚይዝ ብሎን እሰሩት። ሾፌሩ ከመቀመጫው ማንኛውንም ስክሪን ማየት ከቻለ ቦታውን ቀይሩ። አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ዓይኑ ከመንገድ መነሳት የለበትም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ከአሜሪካ የመጣ ዲቪዲ ማጫወቻ የሪጅን (ዲስኩ የተመደበለት የዓለም ክፍል) 1 ነው፤ ለኢትዮጵያ የተመደበው 5 ነው፤ ዲስኩን እምቢ ቢል ማሽኑ አልተበላሸም።

ፀሐይ ላይ ቆሞ የነበረ መኪና ውስጥ ስክሪኑ ጠቁሮ ቢቆይ መስኮት ከፍታችሁ አቀዝቅዙት፣ ይመለሳል።

ሽቦው መሃል ላይ ተበልቶ ካገኛችሁት አይጥ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ ብርቱካናማውን ሽቦ በፍጹም እንዳትነኩ። እሱ የትልቁ ባትሪ መስመር ነው፣ ይገድላል። ለስክሪኑ የምትወስዱት ከትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው።